ደብዳቤ ለሥር

ሰኔ ነው። ፑንታ አሬናስ ላይ
እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት አትወጣም ፀሐይ።
ነፋሱ መንገደኛውን ግድግዳ ያስይዘዋል፣
ቆርቆሮውን ሌሊቱን ሙሉ ያናዝዘዋል።
ከወደቡ ቢሮ ደረጃ በታች፣ መጥረጊያ ከሚቀመጥበት ጓዳ፣
አንድ ያረጀ ሰርቨር አለ፤ ፊቱ በርጩማ ስባ የተቀመጠች ኔዳ፣
ኮቷን ሳታወልቅ።

ቅድመ አያቷ በግ ሊሸልት ከክሮኤሺያ
መጥቶ የቀረ ነው እዚያ።
እሷ የባሕሩን ሙላት፣ የባሕሩን ጉድለት መዝጋቢ ናት፤
የአርባ ዓመት ቁጥር፣ በየስድስት ደቂቃው፣ እዚህ ነው ያላት።
ዛሬ አንድ ፋይል እስኪከፍትላት አመነታ፣
እንደ አዛውንት፣ መነጽሩ የት እንዳለ ግራ ገብቶት ለአፍታ።
«ምን ሆነሃል?» ብላ ጻፈችለት። መልሱ አጭር ነበር፦

ዩ፣ ዩ፣ ሰረዝ፣ ዩ።

አራት ዲስክ ነበሩ፤ አንዱ እንደ ጥርስ ወልቋል፤
የአራቱን ሸክም ሦስቱ ተሸክመው ሰንብተዋል።
የወጣው የያዘውን ሲጠየቁ ይመካከራሉ፦
«እኔ ይህ አለኝ፣ አንተ ያ አለህ፤ እንግዲህ የእሱ...» ይላሉ፣
ደምረው ቀንሰው ይደርሱበታል።
ለዚህ ነው የዘገዩት።
የራስን ማስታወስ ምን አለው፤
የሌላው ትዝታ ነው ልብ የሚያደክመው።

መዝገቡን ገለጠች። የወለቀው ካለፈው ነሐሴ ነው።
የባሕርን ጉድለት በጣት ስፋት የምትለካ ሴት
የጓዳዋን ጉድለት አሥር ወር አላየችው።
ታዲያ ማሽኑ ዝም አለ? የለም። በየቀኑ ጽፏል፤
ሦስት መቶ አራት ደብዳቤ፣ አንድ ዓይነት ቃል፦
«አንድ ጎድሎብኛል። አንድ ጎድሎብኛል።»
ለማን? በማሽን አገር የቤቱ ጌታ «ሥር» ነው የሚባል፤
ለሥር የተጻፈ ሁሉ ለዶን አንሴልሞ ይደርሳል።
ዶን አንሴልሞም ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ሥር ነው፤
ከተከረከመው ጥድ ሥር፣ ከአፈሩ ሥር፣ ከነመነጽሩ።
ደብዳቤው አድራሻውን አልሳተም። አንባቢ ነው ያጣው።

ገመዱን ነቅላ ሰካች፤ ያው ነው። ጆሮዋን አስጠጋች፤
ጭ፣ ጭ፣ ጭ፤ የሚቆጨው ሰው ይመስላል።
አርባውን ዓመት አስቀድማ በኪስ ዲስክ ቀዳች፣
(በሦስት ጥርስ ተማምኖ አጥንት አይቆረጠምም)
ከዚያ መለያ ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈች፤
አራቱም መልካቸው አንድ ነውና፣
ጤነኛው ከተነቀለ ሁሉም አበቃ።
የሌሊት ዘበኛው ኤውሎኺዮ ባትሪ እያበራላት፣
«የኔ ጥርስ ሐኪም» አለ፣ «ደህናውን ነው የነቀለው።»
«ዝም በል ኤውሎኺዮ።»
«ደግሞ አስከፍሎኛል።»

መለዋወጫ ፍለጋ መሳቢያውን ጎተተች፤
ከደረቁ እስክሪብቶዎች መሐል አንድ ዲስክ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ፤
ላዩ ላይ የአንሴልሞ የእጅ ጽሕፈት፣
እንደ አገሩ ዛፍ ወደ ምሥራቅ የተጋደመ፦
«መለዋወጫ። አትስረቁ።»

ሰካችው። መቁጠር ጀመረ። ዜሮ ነጥብ አንድ ከመቶ።
ስድስት መቶ ደቂቃ ይቀራል አለ፤ ቆይቶ ሰባት መቶ።
ሦስቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ እኩዮች ናቸው፤
አንዱን የጣለው ዕድሜ የእነሱንም ደጅ ያውቀዋል።
ሰባ አንድ ላይ ቆመ።
ኔዳ ዳቦዋን አኘከች፣ አልዋጠችም።
ኤውሎኺዮ እንኳ አልቀለደም።
ሰባ አንድ ነጥብ ሁለት።

ጠዋት፣ መስኮቱ አመድማ ሲሆን፣

ዩ፣ ዩ፣ ዩ፣ ዩ።

ከመሄዷ በፊት ፋይሉን ከፍታ የራሷን አድራሻ ጻፈች፤
መሞከሪያ ደብዳቤ ላከች፤ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠች።
የአንሴልሞን መስመር ግን አላጠፋችም፤
ከፊቱ ያቺን አጥር የምትመስል ምልክት ተከለች፤
ማሽን አጥሩን ሲያይ ዘሎ ያልፋል፤
ሰው ግን ቆሞ ያነብባል።